የውጭ ቋንቋ ትምህርት፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?



ዘንድሮ በጥቅምት ወር መጀመሪያ የእንግሊዝኛ መምህራችን ከክፍላችን ፊት ቆመው አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ጥያቄው አጭር ነበረ፤ መልሱ ግን እኔን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያሳስበኝ ሰነበተ። «ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት መልስ የምንለማመደውን የእንግሊዝኛ ጽሕፈትና ንግግር ዘንድሮም እቀጥላለሁ። አምና ከነበራችሁት መካከል የሚቀጥል ማን ነው?» አሉ። አምና ስንጀምር ሃያ ሁለት ነበርን። በዚያን ቀን እጃቸውን ያወጡት አራት ብቻ ነበሩ፤ እኔም ካላወጡት ወገን ነበርሁ።

መምህራችን አልተቆጡም። «አስባችሁ ንገሩኝ» ብለው ወጡ። እኔም እንዳሉት አሰብሁበት። ያሰብሁትንና የወሰንሁትን፣ ወደ ውሳኔዬም ያደረሰኝን ምክንያት፣ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ልገልጸው ወደድሁ። ይኸውም ይህ ጥያቄ በእኔ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን ከኋላዬ ለሚመጡት ሁሉ የሚደርስ ስለ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ የጥያቄውን መልክ ላስረዳ። በአንዳንድ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የውጭ ቋንቋ ትምህርቱን ሊተው ይፈቀድለታል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አንድ ተማሪ 14 ዓመት ከሞላው በኋላ የሌላ አገር ቋንቋ እንዲማር አይገደድም። የእኛ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እኛ እንግሊዝኛን የምንማረው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ትምህርት ሁሉ የምንማርበትም በእርሱ ነው። ፊዚክሱም፣ ሥነ ሕይወቱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው ፈተናም እንደዚሁ ነው።

ይህ ነገር እንዴት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ከዋናዎቹ ትምህርቶች አንዱም የውጭ ቋንቋ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛና ዐረብኛ ይሰጥ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ እንግሊዝኛ ሌሎቹን እየቀደመ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርትነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ እንዲሆን ወሰነ።

እንግዲህ ለእኛ «ልቀጥል ወይስ ልተው» የሚለው ጥያቄ በክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ላይ አይገኝም። ሰሌዳው ወስኖልናል። ጥያቄው የሚገኘው በየልባችን ነው፤ ይኸውም «ቋንቋውን ልማረው ወይስ ልለፈው?» የሚል ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም አምና እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ልምምዱን ለመተው የነበሩኝ ምክንያቶች ደካሞች አልነበሩም። አንደኛ፣ የመልቀቂያው የእንግሊዝኛ ፈተና ከተሰጡት መልሶች አንዱን መርጦ ማጥቆር ነው፤ ጻፍ ወይም ተናገር የሚል የለበትም። እንግዲያስ የማልፈተንበትን ነገር ስለምን ልልመድ? ሁለተኛ፣ ጊዜ የለኝም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሄደው ሰዓት ለሒሳብ ይጠቅመኛል፤ ቤትም ስገባ የሚጠብቀኝ ሥራ አለ። ሦስተኛ፣ አንድ ጓደኛዬ እንደ ተናገረው፣ «ጃፓኖችና ኮርያዎች በገዛ ቋንቋቸው ተምረው መኪና ሠሩ፤ እኛ በሰው ቋንቋ ተምረን ምን ሠራን?» የሚል ነገር ነበረ። ይህ ሦስተኛው ምክንያት በተለይ ልቤን ነክቶት ነበር። የራሳችን ፊደል ያለን ሕዝብ ነንና።

በሌላ በኩል ደግሞ የማልረሳው አንድ ነገር ነበረብኝ። በ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ላይ ስለ አንድ መኪና ፍጥነት የሚጠይቅ ጥያቄ መጣ። መኪናው «ስታርትስ ፍሮም ረስት» ይላል። «ረስት» ማለት ዕረፍት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መኪናው ዐርፎ ተነሣ ማለት ነው ብዬ ያረፈበትን ሰዓት መፈለግ ጀመርሁ። የዕረፍቱ ሰዓት አልተሰጠም። «ጥያቄው ጎደሎ ነው» ብዬ ዘለልሁት። ቃሉ በዚያ ስፍራ «ከቆመበት ተነሣ፣ የመጀመሪያ ፍጥነቱ ዜሮ ነው» ማለት መሆኑን የተረዳሁት ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ቀመሩን በቃሌ አውቀው ነበር፤ ቁጥሮቹንም ቢሰጡኝ በሁለት ደቂቃ እሠራው ነበር። ያጣሁት ፊዚክስን አልነበረም። ጓደኞቼ ግን «አንተ የጎጃም ልጅ ስለ ሆንህ ረስት ሲሉህ ርስት መስሎህ ነው» እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ብዙ ተማሪ እንዲህ እንደሚወድቅ እጠረጥራለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ሁሉ ቋንቋ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን ጥያቄውን ሳይረዳው የሚመልስ ተማሪ ያወቀውንም ዕውቀት ቢሆን ማሳየት አይችልም።

እነዚህን ሁለቱን ወገኖች ስመዝን፣ ለውሳኔ ያበቃኝ ነገር ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይሆን ካልጠበቅሁት ስፍራ ተገኘ።

በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት በ2016 ዓ.ም. ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእናንተ መካከል በዚያ ጊዜ ወደ እርሻ የገባ፣ ወደ ሌላ አገርም የሄደ አለ። እኔን አባቴ «ከብት ጠባቂ ሆነህ ከምትቀር የኔታ ዘንድ ሂድ» ብለው ከደብረ ወርቅ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሰደዱኝ። አገራችን በዚህ ትምህርት የታወቀች ናት፤ ደብረ ወርቅ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው ከሊቃውንት ጋር የሚጠራ ደብሮች ናቸው። ዳዊት መድገም በልጅነቴ ስለ ተማርሁ የኔታ ተቀበሉኝ። እዚያ ያሳለፍሁት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ቅኔውንም ገና ከደጁ ነው የቀመስሁት። ቢሆንም አንድ ነገር ገባኝ።

ግዕዝን ዛሬ ከእናቱ አፍ የሚሰማው ሕፃን የለም። ስለዚህ ለቅኔ ተማሪ ግዕዝ እንደ ሌላ አገር ቋንቋ በትምህርት ብቻ የሚገኝ ነው። ታዲያ አባቶቻችን ይህን ቋንቋ እንዴት አድርገው ነው የሚያስተምሩት? መጀመሪያ ግሱን ከእነ እርባታው ያስጠናሉ። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ የሚባሉት ስምንት አርእስት አሉ፤ ሌላው ግስ ሁሉ ከእነዚህ የአንዱን መንገድ ተከትሎ ይረባል። እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ እንደ እኛው ሽምደዳ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይለያል። ተማሪው ብዙ ቃል እስኪያውቅ አይጠበቅም። ገና በጥቂት ቃል፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን የሁለት ቤት ቅኔ ራሱ ፈጥሮ እንዲያመጣ ይታዘዛል። ዳዋ ውስጥ ወይም ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ማታ ለየኔታ ያቀርባል፤ እርሳቸውም ያቀኑለታል። ሁለቱ ቤት ሲሳካለት ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እርሱ ሦስት ቤት ነው። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነውር ነው።

እኔ አንድ ቀን ያለፈውን ቅኔዬን ጥቂት ቃል ለዋውጬ አቀረብሁ። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ልጄ፣ ይህን ትናንት በልተነዋል» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። አፍሬ ወጣሁ።

ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነው ያ ነገር ከእንግሊዝኛ ትምህርቴ ጋር የተገናኘልኝ። በግዕዝ ስምንት ወር ተምሬ ሁለት ቤት አዲስ ነገር መናገር ችያለሁ። እንግሊዝኛን ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬ በራሴ ሐሳብ የተጻፈ ሁለት መስመር የለኝም። መጽሐፉ የጻፈውን አንብቤአለሁ፤ ሌላው ያዘጋጀውን መልስ መርጬአለሁ፤ ሌላ ሰው የተናገረውን ገልብጬአለሁ። በየኔታ አነጋገር፣ አሥር ዓመት ሙሉ የትናንቱን ስበላ ኖሬአለሁ። ከትምህርት መልስ ያለው ልምምድ እንግዲህ ትርፍ መስሎን የተውነው ነገር ዋናው ኖሮአል።

የጓደኛዬንም ቃል አልረሳሁትም። በገዛ ቋንቋ መማር መልካም መሆኑን አምናለሁ፤ አንድ ቀንም ፊዚክስን በአማርኛ እስከ መጨረሻው የሚማር ትውልድ ይመጣ ይሆናል። ነገር ግን መጻሕፍቱን ማን ይተርጉማቸዋል? የሁለቱን ቋንቋ ምሥጢር የሚያውቅ ሰው አይደለምን? ይህንንም የምናውቀው ከራሳችን ታሪክ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ የገባው በመጀመሪያ ከግሪክ ቋንቋ ተተርጉሞ ነው። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሰላማ «መተርጉም» የተባሉት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ስለ ተመለሱት መጻሕፍት ነው። ለዘመናት ስንዳኝበት የኖርነው ፍትሐ ነገሥትም ከዐረብኛ የተተረጐመ ነው። ግዕዝን ያበለጸጉት የሰውን ቋንቋ የናቁ ሳይሆኑ ተምረው የመለሱት ናቸው።

በሌላው አቅጣጫም ቢሆን እንዲሁ ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው የጀርመን ሊቅ ኢትዮጵያን በዐይኑ አይቶ አያውቅም። የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ሮማ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1649 አገኛቸው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጀርመን አገር ተጠርተው ሄደው ግዕዝንና አማርኛን አስተማሩት። ሉዶልፍም ያንኑ ሳይተው ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከመጀመሪያው ትምህርት እስከዚህ መጽሐፍ ድረስ ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ነው። እኔ ግን በሳምንት ሦስት ቀን በዝቶብኝ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድም ለእኛ ለደብረ ወርቅ ልጆች ከሁሉ የሚቀርብ ምሳሌ አለን፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በዚሁ በደብረ ወርቃችንና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ። ኋላም አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርትና የውጭ ቋንቋ ቀጠሉ። በጠላት ዘመን በአርበኝነት ሲዋጉ ተይዘው በጣልያን አገር ዓመታት ታሰሩ። ከዚያም በዲፕሎማትነት በዋሺንግተንና በለንደን አገራቸውን አገለገሉ። ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በአማርኛ ነው። የውጭ ቋንቋ ማወቃቸው ከጎጃም አላወጣቸውም።

እነዚህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ አንድ ማታ ነገሩን ለአባቴ አጫወትኋቸው። አባቴ ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ነው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። ጥቂት ዝም ብለው «ጤፍና አረሙ ሲበቅሉ ሁለቱም ሣር ናቸው፤ ከሩቅ ያየ ማሳው አማረ ይላል። ልዩነቱ የሚታወቀው አውድማ ላይ ነው። አንተም የምታውቀውን ከሸመደድኸው ዛሬውኑ ለየው» አሉኝ። በሳምንት ሦስቱን ቀን ከብቶቹን ታናሽ ወንድሜ እንዲያስገባ አዘዙልኝ። በማግስቱ ወደ መምህራችን ቢሮ ሄጄ «እቀጥላለሁ» አልሁ።

አሁን የምሠራበትን መንገድ ለሚፈልገው ልንገር። መንገዱ የየኔታ ነው። በየቀኑ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ከራሴ አወጣለሁ፤ ከመጽሐፍ አልገለብጥም፤ የትናንቱን አልደግምም። የመጀመሪያው መስመሬ «ማይ ማዘር እንጀራ ቤክስ» የሚል ነበር። በአማርኛ «እናቴ እንጀራ ትጋግራለች» ስንል ግሱ ከመጨረሻ ይመጣልና እኔም በዚያው አስኬድሁት። መምህራችን ግሱን አንሥተው መካከል አስገቡት። ይህን ደንብ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ በፈተና ላይ በትክክል ሳጠቁረው ኖሬአለሁ፤ ስጽፍ ግን እጄ አያውቀውም ነበር። በኅዳር ወር ሦስት መስመር፣ ከጥር ወዲህም ስምንት መስመር እጽፋለሁ። የምጽፈውም ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አያቴ እንዝርት ነው። ሌላም ጥቅም አገኘሁበት፤ በግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲባል ቤት ቀድሞ ንጉሥ ይከተላል፤ እንግሊዝኛውም «ኦፍ» በሚለው ቃል እንደዚያው ያስኬዳል። አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ብሎ ይገለብጠዋል። አንድ ቋንቋ ለሌላው ድልድይ እንደሚሆን በዚህ አየሁ።

እውነቱን ለመናገር ዋጋም ከፍዬበታለሁ። በመጀመሪያው መንፈቅ የሒሳብ ውጤቴ ከ81 ወደ 76 ወርዶአል፤ በሁለተኛው ልመልሰው እየጣርሁ ነው። የመልቀቂያውን ፈተናም ገና አልተፈተንሁም፤ ስለዚህ «እኔን እዩኝ» ብዬ የምኩራራበት ነገር የለኝም። ነገር ግን የፊዚክስ መጽሐፍ ሳነብ እንደ ቀድሞው ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለስሁ አልደክምም። ያልገባኝን ጥያቄም «ጎደሎ ነው» ብዬ አልዘልም። የልምምዱም ተካፋዮች ከአራት ወደ ዘጠኝ ከፍ ብለናል።

ለጓደኞቼ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። በቋንቋ ትምህርት ላይ የምታጠፉት ጊዜ ካነሰባችሁ ሰዓቱን ቀንሱ፤ መጻፉን ግን አትተዉ። በቀን ሁለት መስመር ማንም አያጣም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና። ስሕተት እንዳይገኝባችሁ አትፈሩ፤ በጉባኤ ቤት ሳይቃና መወድስ የደረሰ የለም። ለወላጆቻችን ደግሞ፣ ልጃችሁ ከትምህርት መልስ ቢዘገይ ጨዋታ ላይ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ደብተሩን አሳየን በሉት። እንግሊዝኛ ባታነቡም የትናንቱ ገጽና የዛሬው ገጽ አንድ መሆኑንና አለመሆኑን በዐይናችሁ ትለያላችሁ። ለመምህራኖቻችንም ቀይ እስክሪብቶአቸው እንዳይደርቅ እለምናለሁ።

መምህራችን በጥቅምት ለጠየቁን ጥያቄ ያን ቀን እጄን አላወጣሁም ነበር። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በእጄ ፈንታ አንሥቼአለሁ።

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ
ደብረ ወርቅ